ለስኪው ስፖንጅ፣ ለጉልበቴ ቅባት

በበረዶ ላይ ከሚንሸራተት ሰው ጋር ጠብ የለኝም። ገንዘቡ የራሱ፣ ተራራው የመንግሥት፣ ቢወድቅም የሚሰበረው የገዛ እግሩ ነው። ስኪውንም አልጠላውም፤ እንጨትና ብረት ነው፣ ምን አደረገኝ? የኔ ጠብ ስኪው በአውሮፕላን ሲሄድ ከሚለብሰው ልብስ ጋር ነው። ሰዉ በስስ ጃኬት እየተንቀጠቀጠ ከአውሮፕላን ይወርዳል፤ ስኪው ግን ባለ ስፖንጅ፣ ባለ ጎማ፣ ባለ እጀታ ቤቱ ውስጥ ተንፈላስሶ ይመጣል። ያም አልበቃ ብሎ «ስፖንጅ ምን ያደርጋል፣ ጠንካራ ሳጥን ነው እንጂ» የሚል ክርክር ቤቴ ገብቷል። ቡና ተፈልቶ ስለ አገር ጉዳይ ይጣላ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ ስለ ሳጥን ክዳን ይኳረፋል። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ይህን ስል ያልገባውን ነገር ሁሉ የሚነቅፍ ሽማግሌ እንዳልመስላችሁ። የዕድሜዬን ግማሽ የፈጀሁት ኤርፖርት ነው። ሽቶና ቸኮሌት በሚሸጥበት በላይኛው በኩል አይደለም፤ ከታች፣ ራምፕ በሚሉት አስፋልት ላይ፣ ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ ነው። ስኪ ሲጓዝ ምን እንደሚደርስበት ሊያስተምረኝ የሚነሣ ሰው ካለ መጀመሪያ ጉልበቱን ያሳየኝ።

መንገደኛው ከላይ ወንበሩን አስተኝቶ ብስኩቱን ሲቆረጥም፣ ከእግሩ ሥር ያለው የዕቃ ክፍል ሰው ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ቦታ ነው። ቦይንግ 737ን ውሰዱ። እዚህ አሜሪካ ውስጥ ለውስጥ ከሚበሩት ብዙው እሱ ነው። 737 ላይ ሻንጣ በኮንቴነር አይገባም፤ አንድ በአንድ፣ በእጅ ነው የሚገባው። አንዱ መሬት ላይ ሆኖ ከጋሪው እያነሣ ሽቅብ በሚሄደው ቀበቶ ላይ ያስቀምጣል፤ ሌላው በሩ ላይ ይቀበላል፤ ሦስተኛው ውስጥ ተንበርክኮ፣ አንገቱን ሰብሮ ይደረድራል። ተንበርክኮ ያልኩት ለጸሎት አይደለም። ጸሎቱም ቢሆን አይቀርም። ከቬይልና ከብሬከንሪጅ መንሸራተቻ የሚመለስ ሰው በሞላበት የእሑድ ማታ በረራ ላይ የስኪ ቦርሳ በስኪ ቦርሳ ላይ እየተከታተለ ሲመጣ፣ ዳዊት ደግሞ የማያውቅ ሰው እንኳ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ደግሞ ሻንጣው ኤልዲ3 በሚባለው የብረት ኮንቴነር ይገባል። የወለሉ ወርድ 156 ሳንቲሜትር ነው፤ አንዱ ጎኑ ወደ ላይ ሰፍቶ 201 ይደርሳል። የአንድ ጎልማሳ ስኪ 170፣ 180 ሳንቲሜትር ነው፤ ሳጥኑ ሲጨመርበት ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ አይተኛም። ወይ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ ገብቶ የአገሩ ሻንጣ ሁሉ ይከመርበታል፤ ወይ ወደ ጭራው በኩል ባለው ልቅ ክፍል ከውሻ ቤትና ከሕፃን ጋሪ ጋር ይሄዳል።

«አባባ፣ እዚያ ታች እኮ ይወረውሩታል» ይለኛል አማቼ፤ ሥራዬ ምን እንደነበር የረሳ ይመስል። ሁለት ሜትር ዕቃ ተንበርክኮ የሚወረውር ሰው ካለ ስሙን ለኦሊምፒክ ኮሚቴ ላኩልኝ። ስኪ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ተወርውሮ አይደለም፤ ቆሞ ነው። ቦታ ይቆጥባል ተብሎ ግድግዳ ላይ ይደገፋል፣ አላፊ አግዳሚው ይነካዋል፣ ከዚያ በሙሉ ቁመቱ ሲሚንቶ ላይ ይዘረጋል። ወይም ከጋሪው የተረፈው ጫፉ አስፋልት እየላሰ ይሄዳል። ወይም የማጓጓዣው ቀበቶ መታጠፊያ ላይ ይቀረቀራል፤ ኦቨርሳይዝ የሚባል የራሱ መስመር የተበጀለትም ለዚህ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን እርስ በርሱ ሲፋጅ ነው። ስኪ ዳር ዳሩን የተሳለ ብረት አለው። ሁለቱ ሳይታሰሩ አንድ ላይ ከተኙ መንገዱን ሙሉ ሲፋተጉ ይመጣሉ። የታቹ ፕላስቲክ ይቧጨራል፤ ጫማው ሲወልቅ ስኪው ቁልቁል እንዳያመልጥ የሚይዘው ፍሬንም ይጣመማል። ባለቤቱ ዚፑን ከፍቶ ጉዳቱን ሲያይ ታዲያ ማንን ይረግማል? እኛን።

ሰው ያበላሸዋል፣ ማሽን ይሻላል የሚል ካለ ደግሞ የዴንቨርን ታሪክ ይጠይቅ። አዲሱ ኤርፖርት ሲሠራ ሻንጣን ያለ ሰው እጅ፣ በሐዲድ ላይ በሚሮጡ ትንንሽ ጋሪዎች ከበር እስከ በር አደርሳለሁ ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ጋዜጠኞች ተጠርተው «እዩልን» ሲባል ጋሪዎቹ ሻንጣውን አፈሱት፤ ልብሱ ሐዲዱ ላይ ተበተነ፤ የተቀደደውም ተቀደደ። ኤርፖርቱ ሊከፈት ከታሰበበት 16 ወር ዘግይቶ የካቲት 1995 ላይ ተከፈተ። ማሽኑ ከዚያ በኋላም አሥር ዓመት ያህል ሲያነክስ ቆይቶ በ2005 ተጣለና ሥራው ወደ ሰውና ወደ ጎታች መኪና ተመለሰ። እኔ ይህን ታሪክ ስናገር ድምፄ ትንሽ ከፍ ይላል። ይቅርታ አልጠይቅበትም።

ወደ ቤቴ ጣጣ ልመለስ። ልጄ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እዚያም ኮረብታ አለ፣ በረዶውን በማሽን እየረጩ ይንሸራተቱበታል። እሷና ቤተሰቧ ግን የማሽን በረዶ አይጥማቸውም። ስለዚህ የፈረንጅ ገና ሲደርስ እኔ ወዳለሁበት ወደ ኮሎራዶ ይመጣሉ። «አባዬ፣ አንተን ለማየት ነው የምንመጣው» ትለኛለች ልጄ። እኔን ለማየት የሚመጣ ሰው ሁለት ሜትር ዕቃ ምን ያደርግለታል? ቁመቴ እንደሆነ የታወቀ ነው።

አማቼ ኢንጂነር ነው። ኢንጂነር ሻንጣ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔና የልጆቼ እናት ይህን ቤት ስንገዛ የዚህን ግማሽ አላሰብንም። መጀመሪያ ባለ ስፖንጅ ቦርሳ ገዛ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ቪዲዮ እያየ፣ አንዱ ሰውዬ ቦርሳ ላይ ሲዘል፣ ሌላው በሳጥን ላይ መኪና ሲነዳ እየተመለከተ፣ ጠንካራ ሳጥን ገዛ። ልጄ ግን ከቦርሳው አልላቀቅም አለች። ቤቱ ሁለት ፓርቲ ሆነ። ልጆቹም በየወላጃቸው ተሰለፉ። እኔን ታዛቢ አደረጉኝ፤ ታዛቢ ማለት የሚሸከም ማለት እንደሆነ የገባኝ ኤርፖርት ስደርስ ነው።

የሳጥኑን ነገር ልንገራችሁ። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሁለት ግማሽ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ እንደ ስኪው ቁመት ይረዝማል ያጥራል፣ ከዚያ በችንካር ይቆለፋል። እውነቱን ለመናገር አይጨፈለቅም። ሌላም ጥቅም አለው። አንዳንድ አየር መንገድ ስኪህን በጨርቅ ቦርሳ ይዘህ ከመጣህ ባንኮኒው ላይ ወረቀት ያስፈርምሃል፤ «ቢሰበር እኔ የለሁበትም» የሚል ነው። ሳጥን ከያዝህ ይህ ክርክር ይቀርልሃል። እስከዚህ ድረስ አማቼ ልክ ነው፤ ፊቱ ላይ አልነገርሁትም እንጂ።

ግን ሳጥኑ ባዶውን ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። የሚፈቀደው 50 ፓውንድ፣ ማለትም 23 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ጥንድ ስኪ ከነጫማ ማሰሪያው 12፣ 13 ኪሎ ይወስዳል። ዱላው፣ ጓንቱ፣ ምናምኑ ሲጨመር ሚዛኑ ላይ የሚሆነውን ድራማ አስቡት፤ ሰው በአደባባይ ጉልበቱ ላይ ካልሲ እየቆለለ፣ ሱሪ በሱሪ ላይ እየለበሰ። ደግሞም ጠንካራ ለመሰለ ነገር ማንም አያዝንም። ጫኝ ሰው ነው፤ ከሥር የሚሆን ወለል የሚሆን ነገር ይፈልጋል፣ ሳጥኑን ሲያይ «ይኼ ይችላል» ይልና ሌላውን ሁሉ ከላዩ ይከምራል። በረዶ የነካው ፕላስቲክ ሽቅብ በሚሄደው ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከሥር የቆመው ሰው በትከሻው ያቆመዋል። ፈታሾቹ ከከፈቱት በኋላ ያንን ችንካር መልሰው ሲያስገቡ ደግሞ ልብ በሉ፤ አንዳንዱ ገብቶ አይገባም፣ አንዳንዱም በማሸጊያ ቴፕ ተጠምጥሞ ይመጣል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አለመታጠፉ ነው። ቦርሳ ባዶ ሲሆን ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል። ሳጥን ሲመጣም ሁለት ሜትር፣ ሲቀመጥም ሁለት ሜትር።

አምና ያንን ጥቁር ሳጥን ይዘው መጡ። ልቀበላቸው በአሮጌዋ ካምሪዬ ሄድሁ። አልገባ አለ። የፊቱን ወንበር አጋደምን፤ የሳጥኑ አፍ የፊት መስታወቱን ሊስም ደረሰ። ልጄና ልጆቿ በኡበር ተከተሉን፤ አማቼ ከሳጥኑ ጎን ከኋላ ተጣጥፎ፣ እኔ መሪ ባዞርሁ ቁጥር ሳጥኑ ክንዴን እየደቃኝ፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር ኦሮራ፣ ቤቴ ገባን። ደጃፉ በረዶ ጋግሯል። እንዳንንሸራተት አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን፣ ሁለታችንም ጥቁር ካፖርት ለብሰን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ በዝግታ ወደ ጋራዡ አስገባነው። ልጄ ከኋላ ትከተላለች፤ ዓይኗ ከብርዱ የተነሣ ያነባል።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት የእድራችን አባል ይኖራሉ። ከመጋረጃቸው ጀርባ የሚያመልጣቸው የለም። ሰዓትም አልሞላ፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ደጁ ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንዷ የቡና ቴርሞስ፣ አንዷ ድፎ ዳቦ ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ገብተው ተቀመጡ። እንግዶቼን ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ የእድሩ ሊቀመንበር።

«አሜን» አልሁ፤ የሻንጣውን ክፍያ ሰምተው ነው ብዬ።

«ለመሆኑ መቼ ነው?»

«ዛሬ ማታ ነው የደረሰው። በረራው ዘግይቶ ነው እንጂ በቀን ነበር የሚገባው።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ጋራዥ።»

«ጋራዥ!»

«ቤት ልናስገባው ሞክረን ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ አልታጠፍ አለ። ለነገሩ ነገ በሌሊት ወደ ተራራ ይዘውት ይወጣሉ።»

አንዲት እናት ደረታቸውን መቱ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ማን ናቸው?» አሉኝ።

«የልጄና የባሏ ነው እንጂ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ነው ያሉት።»

ቤቱ በጩኸት ሊናጥ ሲል ትንሿ የልጅ ልጄ የስኪ ሄልሜቷን እንዳጠለቀች ከደረጃው ወረደችና «አባባ፣ የኔ ስኪ የታለ?» አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተዉት። ድፎ ዳቦው ግን አልተመለሰም፤ እዚያው ተቆርሶ ተበላ። እስካሁን የእድር ስብሰባ ላይ ስለ ሳጥን ግዢ ሲነሣ ሰው ዞሮ እኔን ያያል።

ታዲያ ቦርሳው ይሻላል ወይ? ቦርሳውም የራሱ ጉድ አለው። ቀላል ነው፣ ባዶውን 2 ወይም 3 ኪሎ ነው፣ ይታጠፋል፣ ካምሪዬ ውስጥም በግድም ቢሆን ይገባል። ስፖንጁ ግን ጎን ለጎን ነው የተነጠፈው፤ ሰዉ ሲነካው ደስ የሚለው እዚያ ስለሆነ መሰለኝ። መንገድ ላይ የሚመታው ጫፉና ጭራው ነው። ጭራው በኩል ሲጎተት ከርሞ ይቀደዳል፤ የስኪው ብረት ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ጨርቁን ይቆርጣል። ጎማው ሲሰበር የሚያወጣውን ድምፅ የሰማ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደወል አያስፈልገውም፤ ተርሚናሉ ሁሉ ይነቃል። እርጥብ ስኪ እንደወረደ ካሸጉበት ደግሞ ጠርዙ ይዝጋል፤ ቤት ሲደርስ ብረቱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል።

የልጆቼ እናት ግን ቦርሳውን ከልቧ ትወደዋለች። ምክንያቷ ሌላ ነው። ሲመጡ ልብስ ተጎዝጉዞበት የመጣው ቦታ ሲመለሱ ባዶ ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ባዶ ቦታ አይታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። አንድ ጊዜ ማንም ሳያያት በርበሬ በፌስታል፣ ፌስታሉን በፌስታል አድርጋ ሁለቱ ስኪ መካከል ወሸቀችው። «ልብስ ከሚጎዘጎዝ ይኼ አይሻልም? ለስላሳ ነው» አለችኝ ኋላ። ብረቱ የተሳለ ነው አላልኳችሁም? ቨርጂኒያ ሲደርሱ ዚፑ ተከፈተ፤ ቤተሰቡ ሁሉ አስነጠሰ። የስኪው ታች ሰም የጠጣ ፕላስቲክ ስለሆነ በርበሬውን ይዞ አልለቅም አለ። ልጆቹ ጠርገው ጠርገው ሲታክታቸው እንዲያው ይዘውት ወጡ፤ በኮረብታው ላይ ከላይ እስከ ታች ቀይ መስመር አስምረው ወረዱ። የስኪ መጠገኛው ሰውዬ ምን ዓይነት ሰም እንደሆነ ጠይቆ ስሙን ጻፉልኝ አለ አሉ። እሷ ይህን ስትሰማ ያዘነችው ለበርበሬው ብቻ ነው።

እሺ፣ ሽማግሌው ሁሉን ከነቀፈ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። አሁን የምናገረውን ቤቴ ውስጥ ማንም አልሰማኝም፤ እናንተ ስሙኝ። ሁለቱን ስኪ ታች ለታች ገጥሞ፣ በመካከል ጨርቅ ወይም ወረቀት አስገብቶ፣ ከላይና ከታች ጥብቅ አድርጎ በማሰሪያ ማሰር፤ ይህ ከየትኛውም ሳጥን ይበልጣል። የታሰረ ስኪ አይፋጅም። በደንብ አድርቆ ማስገባት። ጫፉንና ጭራውን በወፍራም ካልሲ ወይም የውሃ ቧንቧ በሚለብሰው ስፖንጅ መጠቅለል፤ ይኼ ስፖንጅ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ጃኬቱን የጫማው ማሰሪያ ያበጠበት መካከል ላይ መጠቅለል፤ ቦርሳው ወገቡ ላይ የሚመታው እዚያ ነው። ዚፑን ከመዝጋት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት።

የስኪ ጫማው፣ ቡቱ፣ ግን ከሰው እጅ አይውጣ። ይህን እንኳ አማቼም ይስማማበታል። ስኪ ቢጠፋ ተራራው ሥር ይከራያል፤ የስኪ ቡት ግን በገዛ እግርህ ልክ ተሞርዶ፣ ተሞቆ የተሠራ ነው፣ የሰው ቡት አድርጎ የዋለ ሰው ማታ እንዴት እንደሚራመድ አይቻለሁ። ቡት በእጅህ ይዘህ አውሮፕላን ውስጥ መግባት ይፈቀዳል። ብዙዎቹ አየር መንገዶችም የስኪ ቦርሳንና የቡት ቦርሳን አንድ ላይ እንደ አንድ ሻንጣ ይቆጥሩልሃል፤ የቡት ቦርሳ ውስጥ ሽሮ እስካልተገኘ ድረስ። ይህን ለማን እንደምል የሚያውቅ ያውቃል።

ተሰብሮ ቢመጣስ? ከኤርፖርቱ ሳትወጣ ተናገር። ሰዉ ዕቃውን ከኦቨርሳይዝ በር ይቀበልና ብርዱን ፈርቶ እየሮጠ ይወጣል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ተራራ ላይ ከፍቶ ይጮኻል። ወደ ውጭ አገር በረራ ከሆነ የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት የሚለው፣ ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አመልክት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለውስጥ ደግሞ አየር መንገዱ ለአንድ መንገደኛ ሻንጣ የሚከፍለውን ጣሪያ ከ4,700 ዶላር በታች ማውረድ አይችልም፤ ከ2025 ወዲህ እንዲህ ሆኗል። ገንዘቡ ሲከፈል ግን «ስንት ዓመት ተገለገልህበት?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። አሮጌ ስኪ ይዞ የአዲስ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል፤ ተስፋ አይቆረጥም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲደረግ ሳይ አባቴ ትዝ ይለኛል። ሞፈሩን በትከሻው አድርጎ፣ በሬዎቹን እየነዳ፣ ወንዝ ተሻግሮ ይወርድ ነበር። ርዝመቱ ከስኪ ይበልጣል እንጂ አያንስም፣ የቤተሰቡ ሁሉ ኑሮ በእሱ ላይ ነው፤ ማንም ግን ስፖንጅ አላለበሰውም። ተሰበረ ማለት ሌላ ተቆረጠ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ «አባባ፣ ጎማ ነበረው?» ብለው ይጠይቁኛል።

ደግሞ የኛ ሰው ስኪ አያውቅም እንዳትሉኝ። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በአገር አቋራጭ ስኪ ሲወዳደር ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትታይ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተመልሷል። እንዲህ ያሉት ተወዳዳሪዎች እንደ በረዶው ዓይነት የሚመርጡት ብዙ ጥንድ ይዘው ነው የሚዞሩት። አብዛኞቹ ታዲያ ሳጥን ተሸክመው አይደለም። ስኪዎቹን አስረው፣ ታቹን ወፍራም ሰም ቀብተው ሳይፍቁት በቦርሳ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሰሙ እንደ ልብስ ይሆነውና ሲደርሱ ይፈቀፈቃል። ከነሱ አንዱ ጥንድ ስንት የሚያወጣ ይመስላችኋል? በዓመት አራት ቀን የሚንሸራተተው አማቼ ግን ሳጥን ካልሆነ ይላል።

እኔን ቢሰሙኝ ኖሮማ ባቡር ነበር የምመክራቸው። ከዴንቨር ወደ ዊንተር ፓርክ የሚሄደው የስኪ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1940 ነው የተጀመረው፤ ቆሞ ቆይቶ በ2017 እንደገና ተመለሰ። ከከተማው መካከል ይነሣል፣ ተራራውን በሞፋት ዋሻ ሰርስሮ 10 ኪሎሜትር ያህል በጨለማ ይሄድና ልክ መንሸራተቻው ደጃፍ ያራግፍሃል። ሰዉ ስኪውን በእጁ ይዞ ይገባል፣ ይዞ ይወርዳል። ወረቀት የሚያስፈርም የለም፣ ሚዛን የለም፣ ካልሲ በካልሲ ላይ የሚደርብ የለም። ችግሩ ከቨርጂኒያ አይነሣም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልቀርም። በዚያ ሁሉ ቪዲዮ፣ በዚያ ሁሉ ክርክር፣ ስለ ስኪው ጫፍ፣ ስለ ጠርዙ፣ ስለ ፍሬኑ ሲወራ፣ የሚያነሣው ሰው አንድም ቀን ስሙ አይነሣም። ቦርሳ ሲሠሩ እጀታውን መካከል ላይ ብቻ ያደርጋሉ፤ ሁለት ሜትር ዕቃ ተንበርክኮ የሚጎትት ሰው እጀታ የሚፈልገው ጫፉ ላይ ነው። 23 ኪሎው ለሻንጣው ልክ ነው እንጂ በአንድ ፈረቃ ስንቴ እንደሚነሣ የሚቆጥር የለም። ለጉልበታችን ይሰጡን የነበረው መከላከያ ከስኪ ቦርሳው ስፖንጅ ይሳሳ ነበር። ይኸው ዛሬ ማታ ማታ ቅባት የምቀባው እኔ ነኝ፤ ስኪው ምንም አልሆነም። እጀታ ጫፍና ጫፍ ያለው ቦርሳ ስትገዙ ግን ባላውቃችሁም እመርቃችኋለሁ።

ዘንድሮ በመጨረሻ መላ ተገኘ። ስኪው እዚሁ ኦሮራ፣ እኔ ጋራዥ ይቀመጥ፤ እነሱ ቡታቸውን ብቻ ይዘው ይምጡ ተባለ። ሐሳቡ የኔ ነው፤ ልጄ ግን የሷ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ትናገራለች። ግድግዳው ላይ መስቀያ መታሁለት፣ ጠርዙን ዘይት ቀባሁት፣ ካምሪዬም ደጅ በረዶ ላይ ማደር ጀመረች። ሳጥኑም ባዶውን እዚያው ተጋድሟል፤ አይታጠፍማ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ እፎይ ባልሁበት፣ ባለፈው እሑድ ትንሿ ደወለች።

«አባባ፣ እኔ ከእንግዲህ ስኪ አልፈልግም።»

«ተባረኪ የኔ እናት!» አልኳት፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«ስኖውቦርድ ነው የምፈልገው።»

ከኋላዋ የአማቼ ድምፅ ይሰማል። ለልጄ የሆነ ነገር እያነበበላት ነው፤ ስለ ወርዱ፣ ስለ ዚፑ፣ ስለ ጎማው። ምንም ሳልመልስ ስልኩን ለልጆቼ እናት አቀበልኳት። እሷ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ጠየቀች፤

«ቦርሳው ስንት ኪሎ ይይዛል?»